«ባሪስተር እናደርግሻለን» ለሚሉ ቢሮዎች አንዲት ፓውንድ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ለንደንም ሁኑ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ አገር ባሪስተር (ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ) ለመሆን የምታስቡ የሕግ ምሩቃን ካላችሁ አንብቡት። «ማመልከቻውን እኛ እንጨርስልሻለን» የሚሉ አማካሪ ነን ባዮች ገንዘቤን በሉ። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ዓመት በሉብኝ።

የትኞቹን እንደምል ታውቃላችሁ። በአማርኛ ቪዲዮ የሚለቁት፣ ግድግዳቸው ላይ ዊግና ካባ ያደረገ ሰው ፎቶ የሰቀሉት ናቸው። ስትገቡ ቡና ይመጣል፣ የማን አገር ልጅ እንደሆናችሁ ይጠየቃል። ከዚያ ቦታው ሊሞላ ነው፣ ቅናሹ ዛሬ ያበቃል ይባላል። በካርድ ልክፈል ስትሉ ማሽኑ ተበላሽቷል።

እኔ አገር ቤት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ዓመታት ችሎት ቆሜያለሁ። እዚህ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። ሥራዬን አልንቀውም፣ ልጆቼን የማሳድገው በእሱ ነው። ግን ሙያዬ ውስጤ አልሞተም። እነሱ ደግሞ ይህንን ዓይነት ሰው ከሩቅ ያውቁታል። «እርስዎማ ግማሹን መንገድ ጨርሰዋል፣ የቀረችው ወረቀቷ ናት» አለኝ ቢሮው ውስጥ የተቀበለኝ ልጅ። ዕድሜው ታናሽ ወንድሜን ይሆናል። በሌሊት ፈረቃ ያጠራቀምኩትን 1,800 ፓውንድ በባንክ አስተላለፍኩለት።

ለዚህ ገንዘብ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚሉትን ሸጡልኝ። በውስጡ የባር ኮርስ (የባሪስተርነት ሥልጠና) ማመልከቻ፣ የኢን (የባሪስተሮች ማኅበር) አባልነት፣ የመግቢያ ፈተና ዝግጅት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የተረጋገጠ ፑፒሌጅ» (ከኮርሱ በኋላ የሚደረግ የሥራ ልምምድ) አለበት። አራቱንም አሁን አንድ በአንድ አጣርቻለሁ። አንዱም እውነት አልነበረውም።

ከፈተናው ልጀምር። ቀደም ሲል ወደ ባር ኮርስ ለመግባት የችሎታ መመዘኛ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነበር። ያ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2022 ቀርቷል። እነሱ ግን ለቀረ ፈተና «የዝግጅት ጥራዝ» ብለው ፎቶ ኮፒ ሰጡኝ። ከፈረቃ ስመለስ፣ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ፣ እሱን ስሠራ አመሸሁ። የቀረ ፈተና ነበር የማጠናው! ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ለማስረጃ ስለምፈልገው ነው ያልቀደድኩት።

ስለ ዲግሪዬ የነገሩኝ ከዚህ ይብሳል። «የኢትዮጵያ ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) በቀጥታ ይቀበላሉ» አሉኝ። የእኛ ሕግ እኮ በኮድ የተጻፈ ነው። የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። እንግሊዞች ያላቸው ኮመን ሎው፣ ማለትም በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የተገነባ ሕግ ነው። ስለዚህ እንደ እኔ ዲግሪውን በሌላ የሕግ ሥርዓት የሠራ ሰው መጀመሪያ የእንግሊዝን መሠረታዊ የሕግ ትምህርቶች እንዲያሟላ ይጠየቃል። ኮንትራት፣ ቶርት (ከውል ውጭ ኃላፊነት)፣ ወንጀል፣ የመሬት ሕግ፣ ኢኩዊቲና ትረስት፣ ሕገ መንግሥትና አስተዳደር፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ። ብዙው ሰው ይህን የሚያሟላው ኮንቨርዥን ኮርስ በሚባል ማሟያ ትምህርት ነው። ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ዘንድሮ እሱን እማር ነበር። ይህንን ሳያውቁ ቢሮ ከፍተው ከሆነ ያሳፍራል። እያወቁ ደብቀውኝ ከሆነ ደግሞ ሌብነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባሪስተር መሆን የሚፈልግ ሰው የባር ኮርስ ከመጀመሩ በፊት ከአራቱ ኢኖች የአንዱ አባል መሆን አለበት። ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ሚድል ቴምፕልና ኢነር ቴምፕል ናቸው። ማመልከቻው ደግሞ ኮርሱ ከመጀመሩ ቢያንስ 12 ሳምንት አስቀድሞ መግባት አለበት። «ይህ አልቋል፣ አይጨነቁ» ብለውኝ ነበር። በደወልኩ ቁጥር «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሉኛል። ኋላ ላይ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ሆዴ አልረጋ ሲል ራሴ ወደ ኢኑ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት በትሕትና ስሜን ፊደል በፊደል አስነገረችኝ፣ በአባቴ ስምም ፈለገች፣ በትውልድ ቀኔም ፈለገች። በዚህ ስም የመጣ ማመልከቻ የለም አለችኝ። የዘንድሮው ቀን ማለፉንም የነገረችኝ እሷ ናት።

ዛሬ ጠዋት ከፈረቃ እንደወጣሁ፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ቢሮአቸው ሄድኩ።

ልጁ ተቀምጧል። ሰላም አልተባባልንም። «ማመልከቻዬ የትኛው ኢን ነው የገባው?» አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። «ሲስተም ላይ አለ» አለ። «አሳየኝ» አልኩት። «ለደንበኛ አይታይም» አለኝ። ደውዬ እንደጠየቅኩ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ የጠረጴዛውን የታችኛውን መሳቢያ ሳበና የተደራረቡ ፖስታዎች ውስጥ መፈለግ ጀመረ።

የእኔን አወጣ።

ቡናማው ትልቅ ፖስታ ነው። ዲግሪዬና ትራንስክሪፕቴ ያሉበት። እህቴ አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ድረስ ተመላልሳ ያረጋገጠችልኝ፣ ሰው ለምና የላከችልኝ ወረቀት። እንዳይበላሽ ብዬ አፉን በሰፊ ፕላስተር አሽጌ፣ በፕላስተሩ ላይ ፈርሜ ነበር የሰጠኋቸው። ፕላስተሩ እንዳለ ነው። ፊርማዬም አልተነካም። ያን ሁሉ ጊዜ ፖስታውን አልከፈቱትም። ዲግሪዬ ምን እንደሚል አንድም ሰው አላየውም። «በጣም ጥሩ ውጤት ነው ያለዎት፣ ዶክመንትዎን አይተው ወደውታል» ሲለኝ የነበረው ይህ ልጅ ነው።

«ይኸው ዶክመንትሽ፣ አልጠፋም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው።

ገንዘቤን አልኩት። ውሉን አወጣና ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ያለች ደቃቃ ጽሑፍ በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገ። «የማማከር አገልግሎት ነው የከፈልሽው። ማማከር ደግሞ አማክረንሻል። ተመላሽ የለውም። ፈርመሻል።» የተረጋገጠ ፑፒሌጅስ? «እሱ ኮርሱን ስትጨርሺ ነው። መች ጀመርሽና?»

ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ አልክድም። ተቀምጬ የምጠብቅበት ምክንያት አልነበረም። ከጎኑ ወዳለችው ልጅ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ «አገሯ ፍርድ ቤት ያለች መስሏታል» አላት። ሳቀች። እንግሊዝኛ የማልሰማ ይመስል! ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰና በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦ «እውነቱን ልንገርሽ? በዚህ አክሰንትሽ ዳኛ ፊት ብትቆሚ ማን ይሰማሻል? አርፈሽ ኬሩን ብትሠሪ ይሻልሻል።»

ይህ አፍ ነው ከእኔ 1,800 ፓውንድ የተቀበለው። አክሰንቴ ያን ቀንም ይኸው ነበር። ያን ቀን ግን ግማሹን መንገድ ጨርሻለሁ ነው ያለኝ።

ወገኔ የምንለው ሰው ሲሆን ይበልጥ ያቃጥላል። ማንን እንደሚመርጡ ያውቃሉ። ቅጹ ይከብደዋል፣ ጊዜ የለውም፣ የሚጠይቀው ሰው የለውም ብለው ነው የሚመጡብን። መሳቢያው ውስጥ የነበሩት ፖስታዎች የእኔ ብቻ አልነበሩም። በዓይኔ አይቻለሁ። የአንዳንዱ ጠርዝ ላይ የአገር ቤት ቴምብር አለ። የማን ልጅ፣ የማን እናት ወረቀት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በጣም ያንገበገበኝን ደግሞ ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። አራቱ ኢኖች ተደምረው በየዓመቱ ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ለባር ኮርስ የሚሰጠው ማመልከቻ የሚዘጋው ኮርሱ ከሚጀመርበት ዓመት በፊት ባለው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የእነሱ «ደንበኛ» ነበርኩ። ማመልከት እችል ነበር። ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር እንዳለ እንኳን አንድ ቀን አልነገሩኝም። ኮርሱ ራሱ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። እንደኔ በሰዓት ተከፍሎት ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚኖረው ያውቀዋል።

ስለ ፑፒሌጅ አንድ ነገር ልበል፣ በእሱ ስም ብዙ ሰው ስለሚታለል። ፑፒሌጅ ከኮርሱ በኋላ በባሪስተር ሥር የሚሠራበት የአንድ ዓመት ልምምድ ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር አብሮ እየሄዱ ማየት ነው፣ በሁለተኛው ስድስት ወር ራስን ችሎ ችሎት ይቆማል። ቦታው በጣም ጥቂት ነው። ኮርሱን ጨርሰው ሳያገኙት የሚቀሩ ብዙ ናቸው፣ ኮርሱ ካለቀ በአምስት ዓመት ውስጥ ካልጀመሩት ደግሞ ችግር ነው። ማስታወቂያው የባሪስተሮች ምክር ቤት የሆነው ባር ካውንስል በሚያስተዳድረው የፑፒሌጅ ጌትዌይ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ቻምበርሶቹ (የባሪስተሮች የጋራ ቢሮዎች) ራሳቸው ቃለ መጠይቅ አድርገው ይመርጣሉ። የትኛውም አማካሪ እጁ ላይ የለም። «የተረጋገጠ» ያላችሁ ሰው እዚያው ላይ ዋሽቷችኋል፣ ተነሥታችሁ ውጡ።

ኢኑም፣ ኮርሱን የሚሰጠው ተቋምም ማመልከቻ የሚቀበሉት ከራሳችሁ ነው። ደላላ አያስፈልግም። ስልክ ያነሳሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ። የኢኑ መመዝገቢያ ክፍያ እኔ ከከፈልኩት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ዲግሪያችሁ የውጭ ከሆነ ምንም ሳትከፍሉ በፊት ምን እንደሚቀራችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ኦሪጅናል ወረቀት ለማንም አትስጡ። የግድ ለአንድ ሰው መክፈል ካለባችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ ካርዱን የሰጠው ባንክም ይጠየቅበታል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተዋዋላችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አላችሁ። ቢሮ ጠርተው ለምን እንደሚያስፈርሙን ከዚህ መገመት ይቻላል።

እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእንግሊዝ የሸማቾች መብት ሕግ አገልግሎት በተገቢ ጥንቃቄና ችሎታ መሰጠት አለበት ይላል፣ ፍትሐዊ ያልሆነ የውል ቃልም ሸማቹን አያስገድድም ይላል። ያችን ደቃቃ ጽሑፍ ዳኛ ፊት ያነቧታል። እስከ 10 ሺህ ፓውንድ ያለ ክርክር በአነስተኛ ክሶች ችሎት ይታያል፣ ጠበቃም አያስፈልገኝም። በዚሁ አክሰንቴ ራሴ እከራከራለሁ።

እንደዚህ ዓይነት «ሙሉ ፓኬጅ» የፈረማችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ወረቀታችሁ ተወስዶ ያልተመለሰላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የውሉን ሁለቱንም ገጽና የባንክ ማስተላለፊያውን ፎቶ አንሱ። ነገ ነፃ ምክር በሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር ላይ ደውዬ የንግድ ተቆጣጣሪ ለሆነው ትሬዲንግ ስታንዳርድስ እንዲያስተላልፉልኝ አመለክታለሁ። ብዙ ሆነን ብናመለክት የበለጠ ይሰሙናል።