ቀይ ስላየ ብቻ ሴራሚኬን አስፈረሰኝ፣ እናንተ እንዳትሸወዱ

ከታች ያሉት ጎረቤቴ ጣሪያቸው ራሰ። ጣቱ ወደኔ ሻወር ቤት ተቀሰረ። «ሳናፈርስ በቴርማል ካሜራ እናገኘዋለን» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አየሁና ደወልኩ፤ ቴርማል ማለት ሙቀትን በቀለም የሚያሳይ ካሜራ ነው። በ6,500 ብር ተስማማን።

ልጁ ስልኩ ላይ የምትሰካ ትንሽዬ ካሜራ ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ ደገናት፤ አንድ ቦታ ቀላ። «ይኸው፣ ቧንቧው እዚህ ጋ ተሰንጥቋል!» አለ። ስድስት ሴራሚክ ተፈነቀለ። ቧንቧው ደረቅ ነው፤ አንድ ጠብታ የለም።

ማታ ፎቶውን ደግሜ ሳየው ዳር ላይ ያሉትን ቁጥሮች አስተዋልኩ። ከታች 21.4፣ ከላይ 22.6። ያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ለአንድ ዲግሪ ነው እንዴ? ካሜራዋ ካየችው ሁሉ ቀዝቃዛውን ሰማያዊ፣ ሞቃቱን ቀይ ትቀባለች። ልዩነቱ 1 ዲግሪም ይሁን 50፣ ሥዕሉ እኩል ያስደነግጣል። ደግሞስ የቀዝቃዛ ውኃ መስመር ቢያፈስ፣ የራሰው ቦታ ሲተን ስለሚቀዘቅዝ በሰማያዊ መታየት ነበረበት። የቀላው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከውጭ ስትመታው የዋለች ግድግዳ ነው።

ካሜራዋ ግድግዳ ውስጥ አታይም። የምትለካው ከላዩ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ነገር የሚታወቀው ላዩን ካሞቀው ወይም ካቀዘቀዘው ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይማ ጭራሽ እንደ መስታወት የራሳችሁን ሙቀት መልሳ ታሳያችኋለች። ዘዴው ራሱ ውሸት አይደለም፤ የአውሮፕላን አካል ውስጥ የተላቀቀ ንብርብር ይፈለግበታል። ግን እዚያ መጀመሪያ በኃይለኛ መብራት ያሞቁታል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ይከታተላሉ።

የኔው ሰው ቦይለር እንኳ አላስበራም። ሙቅ ውኃ ለቆ ትንሽ ቢጠብቅ ቢያንስ የሙቁ ቧንቧ መስመር ይታየው ነበር። እርጥበት መለኪያም አልያዘም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ምን አሙቀህ ነው የምታየው? በምን ታረጋግጠዋለህ?» በሉት። ከተንተባተበ ሸኙት።

ችግሩን ያገኘው የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቤት ውስጥ ያሉትን የውኃ መክፈቻዎች ሁሉ ዘጋግቶ ቆጣሪው ጋ ቆመ። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። «ገቢው መስመር ጤነኛ ነው ጋሼ» አለና ወለሉ ላይ ወዳለው የፍሳሽ መውረጃ ዞረ። የሚያፈሰው እሱ ነበር።

ለባለ ካሜራው ስደውልለት «ካሜራ አይዋሽም» ብሎ ዘጋው። የሴራሚኩ ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል። አሁን ግድግዳዬ ላይ ስድስቱ በሌላ ቀለም ተለጥፈዋል።