ፊውዥን ውስጥ የራስን የቡሎን ጥርስ መጠን መጨመር፦ ከስምንት ወር አጠቃቀም በኋላ

ከፊውዥን (የስሪዲ ዲዛይን ፕሮግራም) ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡት የጥርስ (የትሬድ) ሰንጠረዦች ለብረት ቡሎንና ዳዶ ይበቃሉ። የማይበቁት ዕቃው በስሪዲ ፕሪንተር ሲታተም፣ ወይም ፒቹ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ከስታንዳርድ የወጣ ክዳን ሲሠራ ነው። ያኔ ያለው መንገድ የራስን የኤክስኤምኤል ፋይል (በታግ የተደራጀ የጽሑፍ ፋይል) መጻፍ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ያየሁት፣ አጻጻፉ ከሚፈራው በላይ ቀላል፣ ፋይሉን ማቆየት ደግሞ ከሚታሰበው በላይ አሰልቺ መሆኑን ነው።

ፋይሎቹ ያሉት ፕሮግራሙ በተጫነበት ቦታ፣ ትሬድዴታ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ከባዶ አይጀመርም። የአይኤስኦ ሜትሪኩን (የዓለም አቀፉን የሚሊሜትር ስታንዳርድ) ፋይል ኮፒ አድርጎ በሌላ ስም ማስቀመጥ፣ ከዚያም በኖትፓድ ከፍቶ ከላይ ያሉትን ሁለቱንም የስም መስመሮች መቀየር ነው። አንዱ ከተረሳ ከዋናው ሰንጠረዥ ጋር ይጋጫል። ሴቭ ተደርጎ ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ አዲሱ ዓይነት ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ተከፍቶም ካልታየ መጀመሪያ የሚፈተሸው ያልተዘጋ ታግ (በ< > መካከል የሚጻፈው ምልክት) ነው።

ለእያንዳንዱ መጠን ፒቹ ይጻፋል፤ ከዚያ ለውጭ ጥርስና ለውስጥ ጥርስ ለየብቻ ሦስት ዲያሜትር ይሰጣል፦ ትልቁ፣ የፒቹ (በሁለቱ መካከል ያለው) እና ትንሹ። ውስጠኛው በተጨማሪ ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳውን የሚበሳውን ፑንታ መጠን ይጠይቃል። ኤም8 (የ8 ሚሊሜትር ቡሎን) በ1.25 ፒች ከሆነ የውስጥ ጥርሱ 8.000፣ 7.188 እና 6.647 ነው፤ ፑንታው 6.8።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለህትመት እንዲላላ ብሎ ትልቁን ዲያሜትር ብቻ ያሰፋል፤ ቡሎኑ ግን አሁንም አይገባም። የሚፋተገው የጥርሱ ጫፍ ሳይሆን ጉንጩ (ተዳፋት ጎኑ) ስለሆነ ሦስቱም ዲያሜትሮች እኩል መንቀሳቀስ አለባቸው። 0.4 ሚሊሜትር ከተጨመረ ከላይ ያሉት ቁጥሮች 8.400፣ 7.588 እና 7.047 ይሆናሉ፤ ፑንታውም 7.2።

ይህ 0.4 ደግሞ ጉንጩ ላይ 0.4 አይደለም። ዲያሜትር ስለሆነ በአንድ ወገን የሚደርሰው 0.2 ነው፤ ጥርሱ 60 ዲግሪ ስለሆነ ከዚያም ላይ ጉንጭ ለጉንጭ የሚቀረው ክፍተት ግማሹ፣ ማለትም 0.1 ብቻ ነው። «0.2 ሰጥቼ ለምን ጠበቀ?» ለሚል መልሱ ይኸው ነው፦ የሰጠው 0.05 ነበር። የታተመ ቡሎን ከታተመ ዳዶ ጋር ሲገጥም በ0.4 መጀመር፣ እንደ ማሽኑም ወደ 0.6 ማሳደግ ያዋጣል። ስለዚህ በአንድ ፋይል ውስጥ 0.2፣ 0.4 እና 0.6ን እንደ ክላስ (የልክ ደረጃ) ለይቶ ማስገባት ይሻላል፤ ሲመረጥ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ወደ አሰልቺው ነገር እንምጣ። ፕሮግራሙ ሲታደስ በአዲስ ፎልደር ውስጥ ይጫናል፤ የተጨመረው ፋይል አሮጌው ውስጥ ይቀራል። ከዝርዝሩ ድንገት ጠፋ ማለት ይህ ሆኗል ማለት ነው። ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ ከፕሮግራሙ ውጪ ይቀመጥ። ትሬድኪፐር የሚባለው ነጻ አድ-ኢን (ፊውዥን ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ቅጂውን በራሱ ይመልሳል፤ እሱን ሳይጭኑ ይህን ሥራ መጀመር አይመከርም። ዲዛይኑን በሌላ ኮምፒውተር የሚያርም ሰው ካለም ፋይሉን አብሮ መላክ ግድ ነው፤ ጥርሱ ከዲዛይኑ ጋር አይሄድም።

ያለ ጥርስ ለሚያልፉ ቀዳዳዎች ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ፓራሜትር (ስም የሚሰጣቸው ቁጥሮች ዝርዝር) ውስጥ ለኤም3 3.4፣ ለኤም4 4.5፣ ለኤም5 5.5፣ ለኤም6 6.6፣ ለኤም8 9 ብሎ መመዝገብና በቀዳዳው መስኮት ላይ በቁጥሩ ፈንታ ስሙን መጻፍ በቂ ነው። እነዚህ አይኤስኦ 273 የሚባለው የማለፊያ ቀዳዳ ስታንዳርድ መካከለኛ መጠኖች ናቸው። ፕሪንተሩ ቀዳዳ የሚያጠብ ከሆነ አንድ የማካካሻ ፓራሜትር ፈጥሮ ሁሉም ላይ መደመር ነው፤ ማሽን ሲቀየር የሚስተካከለው ያች አንዲት ቁጥር ብቻ ትሆናለች።