ለሰፊ እግር የሚሆን ጫማ በድሬዳዋ

እግሬ ከፊት ሰፊ፣ ከተረከዙ ቀጭን በመሆኑ፣ 40 ቁጥር ጫማ ጣቶቼን ሲያጣብቅ 41 ደግሞ ከኋላ እየወለቀ ለዓመታት አስቸግሮኛል። ከፊራ በተባለው ገበያ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ሱቅ የሄድኩት ሆን ብዬ አመሻሽ ላይ ነበር፤ በድሬዳዋ ሙቀት እግር ስለሚያብጥ፣ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ይጠባል። ባለሱቁ ቆሜ ሳለሁ ሁለቱንም እግሮቼን ለካ፤ ግራው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደሚበልጥ ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በትልቁ እግር ልክ፣ በማሰሪያ የሚጠብቅና የሚላላ፣ ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ ሽፍን ጫማ መርጦልኝ፣ ለቀኙ ስስ የውስጥ ሶል ጨመረበት። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እስከ ባቡር ጣቢያው ስሄድ ተረከዜ አልወለቀም፣ ትንሿ ጣቴም አልተላጠችም። ቅር ያለኝ ከጥቁርና ከቡናማ ሌላ ቀለም አለመኖሩ ብቻ ነው።