የእስክሪብቶ ንድፍን በዲጂታል ቀለም ለመቀባት፦ ክሪታ፣ አይቢስ ፔይንት ወይስ ፕሮክሬት?

ደብተር ላይ በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረ ንድፍን በዲጂታል ቀለም ለመጨረስ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ የሥዕል መተግበሪያዎች አንዱን ለመምረጥ ያመነታሉ። ዝናቸውን ትታችሁ የራሳችሁን መስመር ተመልከቱ። ዙሪያውን ገጥሞ የተዘጋ ነው ወይስ እዚህም እዚያም ክፍት? በችኮላ የተሣለ ንድፍ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ቀለም ሲሞላ የሚፈሰውም በዚያው ክፍተት ነው።

ምስሉ ከተበላሸ የትኛውም መተግበሪያ አያድነውም። ስካነር ካለ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) አንድ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይወጣዋል፤ ንድፉ የመዳፍ ያህል ከሆነ ወደ 600 ከፍ አድርጉ። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፍላሹን አጥፉና መስኮት አጠገብ አንሱ፤ የእጃችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይረፍ። ስልኩን አታስጠጉ፤ በጣም ሲቀርብ የወረቀቱ ጠርዝ ይጎብጣል። ከጀርባ ያለው ጽሑፍ የሚታይ ከሆነ ከሥር ጥቁር ወረቀት ማድረግ ያደበዝዘዋል። ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ ፎቶ ሆኖ ሲሄድ ይጨመቅና ቀጭኑ መስመር ይሻክራል።

ክሪታ

ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። በማይክሮሶፍት ስቶርና በስቲም በገንዘብ የሚሸጠውም ያው ክሪታ ነው፤ ክፍያው ሠሪዎቹን መደገፊያ ስለሆነ ከድረ ገጹ በነፃ ብታወርዱት የሚጎድልባችሁ መሣሪያ የለም። የአንድሮይድ ቅጂው ለታብሌት እንጂ ለስልክ አልተሠራም።

ለክፍት መስመር ከሦስቱ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ከለራይዝ ማስክ የሚባል መሣሪያ አለው። እያንዳንዱ ቦታ ላይ የምትፈልጉትን ቀለም ጫር ታደርጋላችሁ፤ ዳራው ላይም አንድ ቀለም ጭራችሁ ግልጽ (ቀለም አልባ) እንዲሆን ምልክት ታደርጉበታላችሁ። አፕዴት ስትሉት የየቀለሙን ድንበር ራሱ ይፈልጋል፤ ትንንሽ ክፍተቶችንም ዘግቶ ያልፋል። ግን አስቀድሞ መስመሩ ከወረቀቱ መለየት አለበት። በሰማያዊ እስክሪብቶ ከሣላችሁ መጀመሪያ በዲሳቹሬት ማጣሪያ ውስጥ ሚን የሚለውን ምረጡ። ሰማያዊ ቀለም ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ በዚህ መንገድ መስመሩ ጠቁሮ ይወጣል። ከዚያ በኮንትሮል ኤል ሌቨልስን (የብርሃንና የጥቁረት ማስተካከያውን) ከፍታችሁ ወረቀቱ ንጹሕ ነጭ እስኪሆን አስተካክሉ። በመጨረሻም ከለር ቱ አልፋ በሚለው ማጣሪያ ነጩን አስወግዱ። ድካሙ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፦ በ600 ዲፒአይ የተነሣ ኤ4 ላይ ማስኩ በደካማ ላፕቶፕ ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል።

አይቢስ ፔይንት

ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ለመግዛት አትቸኩሉ። ነፃው ቅጂ ማስታወቂያ አለው እንጂ ሥራውን ይሠራል። ፎቶ ስታስገቡ መስመሩን ነጥሎ ላውጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ በሉትና ማስተካከያዎቹን የወረቀቱ ጥላ እስኪጠፋ ድረስ አንቀሳቅሱ። አለማብዛት ነው እንጂ፤ ከልክ ካለፈ የእስክሪብቶው ቀጭን መስመር ይበጣጠስና ያልነበረ ክፍተት ይፈጠራል። ቀለም መሙያው ባልዲ ክፍተት የሚለይበት ምርጫ ስላለው ጥቃቅኑን ይሸፍናል፤ ሰፊውን በእጅ ዝጉ። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ የስልክ ብዕር የእጅን ጫና አይለይም፤ ስለዚህ ጥላና ብርሃኑን በብሩሹ መጠንና በቀለሙ መሳሳት (ኦፓሲቲ) ማስተካከል ይኖርባችኋል።

ፕሮክሬት

መተግበሪያው በአሜሪካ 12.99 ዶላር ነው፤ አንዴ ከተከፈለ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ከባዱ ወጪ አይፓዱና አፕል ፔንስሉ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ብዕሩና አይፓዱ የሚግባቡ መሆናቸውን በሞዴል ቁጥር አረጋግጡ፤ ሁሉም ከሁሉም አይሠራም። ሥዕሉ በሰፋ ቁጥር የሚፈቀደው የሌየር (እርስ በርሱ የሚደራረብ የሥዕል ንብርብር) ብዛት ይቀንሳል።

ብሩሹ እጅ ላይ የሚሰጠው ስሜት እጅግ ደስ ይላል። ለክፍት መስመር ግን አድካሚ ነው፤ ክፍተቱን አንድ በአንድ በእጅ መዝጋት ይጠይቃል። የመስመሩን ሌየር መልቲፕላይ (ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር የሚያዋህድ ምርጫ) ላይ አድርጉ፣ ለሙሌቱ ድንበር እንዲሆን ሪፈረንስ በሉት፣ ቀለሙን በጣት ጎትታችሁ ከሥሩ ባለ ሌየር ላይ ጣሉ። ጣታችሁን ሳታነሱ ወደ ግራና ቀኝ ስትጎትቱ የአሞላሉ መጠን ይለወጣል፤ ሲበዛ ገጹን በሙሉ ያጥለቀልቃል። መልቲፕላይ ነጩን እንጂ ግራጫውን አይደብቅም፤ ወረቀቱ ካልጸዳ ቀለሙ ሁሉ ይደበዝዛል። አይፓድ ለሌላ ሥራ የማትፈልጉት ከሆነ ለዚህ ብቻ አትግዙት፤ ላፕቶፕ ላላችሁ ስክሪን የሌለው ትንሽ የዋኮም ወይም የሁዮን ታብሌት ከክሪታ ጋር ይበቃል። ጠፍጣፋ ቀለም ለመሙላትማ ማውስም ያደርሳል።

በሦስቱም የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ፦ በመስመሩና በቀለሙ መካከል ቀጭን ነጭ ክር ይቀራል። የመስመሩ ጠርዝ ላይ ያሉትን ግራጫ ፒክስሎች ባልዲው እንደ ግድግዳ ስለሚያያቸው ነው። በክሪታና በአይቢስ ሙሌቱን ከ2 እስከ 3 ፒክስል አስፉት፤ በፕሮክሬት የአሞላሉን መጠን ሊያጥለቀልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ አድርጉ።