ፕሪየስ ከወራት በኋላ፦ ቤንዚን የቆጠበልኝ ፍሬኑ ነው

ሦስተኛውን ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ፣ ማለትም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የወጣውን ባለ 1.8 ሊትር ሃይብሪድ (የቤንዚን ሞተርና በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘ መኪና)፣ መንዳት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ወንበሩም፣ ዕቃ መጫኛውም፣ መሪውም ደህና ናቸው፤ ስለነሱ የማወራው የለኝም። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ፍሬኑ ነው። ሃይብሪድ ነዳጅ እንደሚቆጥብ አውቄ ስለገዛሁት ቁጠባው በራሱ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ነዳጅ ስሰጥ ሳይሆን ፍሬን ስይዝ መሆኑ ነው። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ እግሬን የማነሳበትን ጊዜና የፍሬን አያያዜን ብቻ ሳስተካክል ፍጆታው ለመቶ ኪሎሜትር ከ5.5 ሊትር ገደማ ወደ 4.6 ወረደ። ይህም ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቁጥር እንዳይመስላችሁ። ታንከሩን ሞልቼ፣ ነድቼ፣ እንደገና ስሞላ የገባውን ሊትር ለሄድኩት ኪሎሜትር አካፍዬ ያገኘሁት ነው።

ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም። እነሱ የሚያወሩት ስለ ባትሪ ነው። «ወንድሜ፣ በባትሪ ነው የሚሄድልህ፤ ቤንዚን እንኳን አይነካም» ይላሉ። ወንድሜ፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ጉልበት ከየት መጣ? ይህ መኪና ሶኬት ላይ አይሰካም። ባትሪው ውስጥ ያለው ሁሉ መጀመሪያ ቤንዚን ነበር። ባትሪውም ትንሽ ነው፤ ጠቅላላ አቅሙ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን አንድ ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይዟል። በዚያ ላይ ዕድሜው እንዲረዝም መኪናው ባትሪውን እስከ አፉ አይሞላውም፣ ጨርሶም አያራግፈውም። ባትሪው እንስራ ነው፤ የሚቀዳው ከቤንዚኑ ነው።

ለዚህ ነው ሻጩ በኩራት የሚያሳያችሁን «ኢቪ» የሚል ቁልፍ የማልነካው። ተጭናችሁት በባትሪ ብቻ ስትንፏቀቁ ባትሪው ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ መሙላት አለበት። ከሞተር ወደ ጀነሬተር፣ ከጀነሬተር ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር፤ በየመሸጋገሪያው የሚባክን አለ። መኪናው መቼ በባትሪ መሄድ እንዳለበት ከእኔም ከሻጩም በተሻለ ያውቃል።

ፍሬኑ ግን በእኛ እጅ ነው፣ በእግራችን ማለቴ ነው። ሹፌሩን ጨምሮ 1,400 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎሜትር ሲሄድ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 0.05 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን በየመብራቱና በየአደባባዩ ይህንኑ ጉልበት በቤንዚን እየገዛን መልሰን ስንጥለው ነው የምንውለው። ተራ መኪና የፍሬን ሸራውንና ዲስኩን አግሎ ለአየር ይሰጠዋል። ሃይብሪዱ ፍሬን ሲነካ ኤሌክትሪክ ሞተሩን ጀነሬተር ያደርገዋል፤ ጎማዎቹ እያዞሩት ባትሪው ይሞላል። እዚህ ድረስ የትኛውም ብሮሹር ይናገራል። ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚወስነው የሹፌሩ እግር እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም።

ያንኑ መኪና ከ60 በ4 ሰከንድ ብታቆሙት ጉልበቱ የሚወጣው በአማካይ በ48 ኪሎዋት ነው። ይህን ለመቀበል የዚህች ባትሪ አቅም አይፈቅድም፤ የተረፈው ሸራው ላይ ይቃጠላል። በ12 ሰከንድ ብታቆሙት 16 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይህን ትቀበላለች። መኪናው ያው ነው፣ ፍጥነቱ ያው ነው፣ የሚቆምበት መብራትም ያው ነው። የተለወጠው የ8 ሰከንድ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ በግራ «ቻርጅ»፣ መሃል «ኢኮ»፣ በቀኝ «ፓወር» የሚል አግድም መስመር አለ። ከሩቅ ቀይ መብራት ወይም የተጠጋጋ መኪና ሳይ መጀመሪያ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ፤ መስመሩ ወደ ግራ ጥቂት ይሳባል። ከዚያ ፍሬኑን ነካ አድርጌ መስመሩን ከግራው ጥግ ትንሽ መለስ ብሎ እንዲቆይ እይዘዋለሁ። ጥግ ከነካ ሸራው እየገባ ነው ማለት ነው፤ ላላ አደርገዋለሁ። መስኮት ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ ከሆነ ቀጭን ፉጨት መሳይ ድምፅ ይሰማል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ አብሮ እየወረደ ይሄድና መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ይጠፋል። እዚያ ላይ ሸራው ተረክቧል። በዚያ ፍጥነት የሚመለስ ጉልበት ስለማይኖር አይቆጨኝም። ሰው ድንገት ከገባ ግን ፍሬን ሙሉውን ነው፤ የነዳጅ ሒሳብ እዚያ ቦታ የለውም።

ከዚህም የሚበልጠው ጨርሶ አለመቆም ነው። ወደ ባትሪ ገብቶ የሚመለሰው ጉልበት እንኳ መንገድ ላይ ይቀንሳል፤ መኪናው እየተንከባለለ የያዘው ግን እንዳለ አለ። እግሬን ቀደም ብዬ ስላነሳሁ ገና በ20 እየተንከባለልኩ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከቆሙት ቀድሜ አልፋለሁ። አንዳንዱ ከኋላዬ ክላክስ ነፍቶ፣ በጎን ቆርጦ፣ ቀዩ መብራት ላይ ይጠብቀኛል። ከፊት ካለው መኪና ራቅ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይግባ።

የድሮ ሹፌሮች ልማድ የሆነው ቁልቁለት ላይ ፍሪ አድርጎ መልቀቅ እዚህ መኪና ላይ ኪሳራ ነው። ማርሹ «ኤን» ላይ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፤ የቁልቁለቱ ጉልበት በነጻ መጥቶ በነጻ ይሄዳል። «ቢ» ላይ አድርገው የበለጠ ይሞላልሃል የሚሉ ሻጮችም አሉ። «ቢ» ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያሽከረከረ መኪናውን የሚይዝ ነው፤ ጉልበት ያባክናል እንጂ አይጨምርም። የሚጠቅመው ረጅም ቁልቁለት ላይ ባትሪው ሞልቶ አልቀበልም ሲል ሸራው እንዳይግል ነው። በቀረው ጊዜ መደበኛው መንጃ «ዲ» ይበቃል።

ነዳጅ አሰጣጥ ላይም የተስፋፋ ምክር አለ፦ እንቁላል እንዳይሰበር እንደምትረግጡ እርገጡ የሚባለው። ለሃይብሪድ አይሠራም። ይህ በአትኪንሰን ዑደት (ጉልበት ቀነስ አድርጎ ነዳጅ በሚቆጥብ አሠራር) የሚሠራ ሞተር ቤንዚኑን በደንብ የሚጠቀምበት መካከለኛ ጭነት ሲያገኝ ነው፤ በተመቸው ቦታ ከቤንዚኑ ጉልበት 38 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል። በጣም ሲንቀረፈፉበት ከዚያ ይወርዳል። እኔ መስመሩን በ«ኢኮ» የቀኝ አጋማሽ ይዤ፣ «ፓወር» ሳልገባ፣ የምፈልገው ፍጥነት ላይ እደርስና እግሬን አነሳለሁ። ከ70 በታች ከሆንኩ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ነዳጁን በስሱ ነካ አድርጌ መስመሩን ወደ መሃል አመጣዋለሁ፣ ባትሪው ሳይሞላም ጉልበት ሳይሳብበትም መኪናው ይንከባለላል። መንገዱ ጭር ሲል ይህን እየደጋገሙ መሄድ ደስ ይላል።

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ለማሞቅ ቆሞም ቢሆን ቤንዚን ይበላል፣ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። አጫጭር ጉዞዎችን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ማያያዝ ይጠቅማል። የጎማ ንፋስ ይታይ። ከኋላ ወንበር ጎን ያለው የባትሪው አየር ማስገቢያ በዕቃ አይደፈን።

አንድ ያላረካኝ ነገር ረጅም መንገድ ላይ ነው። በ100 ሲሄዱ የነፋስ ግፊቱ በ60 ከነበረው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው፤ ፍሬን የሚያዝበት ጊዜ ስለሌለ ደግሞ የሚመለስ ጉልበት የለም። እዚያ ይህ መኪና በቅርጹና በሞተሩ ብቻ ነው የሚተማመነው። ከ110 ወደ 90 መውረድ ከማንኛውም ዘዴ በላይ ይቆጥባል።

ወንድሜ ሲነዳው ፍጆታው ወዲያው ከ5 በላይ ይወጣል፤ ለኔ ሲመለስ ይወርዳል። ይህን ሳይ ነው ግዢዬን የምከራከርለት። «ያገለገለ ሃይብሪድ ገዝተህ ባትሪውን ስትቀይር ታያለህ» ለሚሉኝም መልሴ ያው ነው፦ ከተማ ውስጥ ለሚውል፣ እግሩን ቀደም ብሎ ለማንሳት ለሚፈቅድ ሰው ዛሬም ደግሜ እገዛዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በሰፊ መንገድ ከ110 በላይ ለሚበር ግን አልመክርም፤ ባትሪውን ተሸክሞ ከመሄድ ውጪ የሚያገኘው ጥቂት ነው።