ልጄን መሬት ላስለመደችልኝ ፊዚዮቴራፒስት

ይህን ምስጋና ከወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ልጅ መራመድ ከጀመረች በኋላ ግን ቁጭ ብሎ መጻፍ የሚባል ነገር የለም። አሁን ተኝታለች፤ ሳትነቃ ልጨርስ።

ልጄ የተወለደችው ከቀኗ 7 ሳምንት ቀድማ ነው። 14 ወር ሲሞላት አትቆምም፣ አትድህም። መሬት ስናስቀምጣት በቂጧ ትንፏቀቃለች፣ በቃ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በ10 ወሩ ቆሞ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። «ፀሐይ አታሞቂያትም እንዴ?» «እግሯን በቅቤ እሿት።» አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ «ሰነፍ ናት» ብለው ሽሮፕ ጽፈው ሸኙኝ። የ14 ወር ልጅ ደግሞ እንዴት ነው የምትሰንፈው?

ፊዚዮቴራፒስቷን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስደውልላት ቀጠሮ ከመስጠቷ በፊት «የሕፃናት ሐኪም በደንብ አይቷታል?» አለችኝ። ሪኬትስም (አጥንት የሚያለሰልሰው በሽታ) ሆነ ሌላ ነገር እንደሌለባት ካላወቀች እንደማትጀምር ነገረችኝ። ገና ያኔ ነው ልቤ የረጋው። ሐኪሙ ምንም የለባትም ሲል ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጣች።

ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ያህል ልጄን አልነካቻትም። አንድ ሎሚ ተቀበለችንና ወደ ቀኟ አንከባለለችው፤ ከዚያ ወደ ግራዋ። ልጄ በሁለቱም እጇ ተንጠራራች። «ጎሽ!» አለች። «ገና በዚህ ዕድሜ አንዱን እጅ ብቻ ብትመርጥ ነበር የምሰጋው።» ትንሽ ቆይታ ልጄ ከምንጣፉ ላይ የወደቀ ክር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጫፍ አነሳች። እኔ አፏ እንዳትከተው ልነጥቃት ስል እሷ ፈገግ ብላ ታያታለች። ለካ በጣት ጫፍ መቆንጠጥ ራሱ ትልቅ ደረጃ ነው። መጀመሪያ በመዳፍ መጨበጥ ይመጣል፤ መቆንጠጡ የሚደርሰው ወደ 9 እና 10 ወር ላይ ነው። ጉልበት የሚወርደውም ከላይ ወደ ታች ነው አለችን፦ አንገት፣ ከዚያ ወገብ፣ እግር መጨረሻ። እኛ ደግሞ እግሯን ብቻ ነበር የምናየው።

ከዚያ የዕድሜዋን ሂሳብ ሠራችልን። ያለ ቀኗ የተወለደች ልጅ እስከ 2 ዓመቷ ድረስ የቀደመችበት ጊዜ ከዕድሜዋ ይቀነሳል። ስለዚህ ልጄ ገና ወደ 12 ወር ተኩል ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2006 ባወጣው ጥናት፣ ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን የሚራመዱት ከ8 እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመቶ አራቱ ያህል ደግሞ ጭራሽ ሳይድሁ ያልፋሉ። ይህንን ለጎረቤቶቼ ሁሉ ባነበው ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? መሬቱ። እናቴ «ብርድ ይመታታል» እያለች ከጀርባዋ አታወርዳትም። ከጀርባ ስትወርድ ደግሞ እኔ ያን ባለጎማ ዎከር ውስጥ እከታታለሁ። ዎከሩ ጣቷ ጫፍ ላይ አቁሞ ያንሸራትታታል እንጂ ሚዛን መጠበቅ አያስተምራትም። ካናዳ በ2004 ሽያጩን ጭራሽ ከልክላለች አሉ፤ ልጆች እየተንከባለሉ ደረጃ ሲወርዱ አይታ። የእኛው በዚያው ቀን በረንዳ ላይ ወጣ፤ አሁን የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ለእናቴ የነገረቻት አነጋገር እስካሁን ይገርመኛል። «እማማ፣ ማዘሉን አይተዉት፤ እሱም ፍቅር ነው። ስትነቃ ብቻ መሬቱን ይስጧት፤ ብርዱን በጋቢ እንከለክለዋለን።» እናቴ የእኔን ምክር በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው የምታፈስ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ተነስታ ጋቢዋን ራሷ አነጠፈች።

የቤት ሥራችን ቀላል ነበር። ነጠላ ጠቅልሎ በደረቷ ሥር አድርጎ በሆዷ ማጫወት። የምትወዳትን የጀበና ማቶት ሶፋው ላይ አስቀምጦ ተንበርክካ እንድትደርስባት መተው። በሦስተኛው ሳምንት ሶፋውን ይዛ ቆመች። ቀጥላ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን መሄድ ጀመረች። ልክ 16 ወር ሲሞላት ሶፋውን ለቀቀችና ሦስት እርምጃ ተራምዳ ዘጭ አለች። እናቴ «ወፌ ቆመች!» እያለች አለቀሰች፤ እኔም ያው ነኝ።

አራት ጊዜ መጣች። አምስተኛውን ልከፍላት ስል «አያስፈልጋችሁም» ብላ እምቢ አለች። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። በመሃል የ5 ዓመቱን ወንድሟን ሳይቀር ግቢ አውጥታ ሰኞ ማክሰኞ አጫውታዋለች። እርሳስ አጨባበጡ አስጨንቆኝ ነበር። «ጽሁፉ ይቆይ፤ ሊጥ ይሽ፣ ዛፍ ላይ ይንጠልጠል፤ ትከሻው ሲጠነክር ጣቱ ይታዘዘዋል» አለችኝ። በ3 ዓመቱ ፊደል የሚያስጽፉ ኬጂዎች ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነበር።

ልጃችሁ በ9 ወሩ ብቻውን ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ፣ አንድ ጎኑ ከደረቀ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ ግን ጊዜ አትስጡ፤ በቀጥታ ሐኪም ጋ።

ስልኳን እዚህ መለጠፍ አትፈልግም፤ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ቤት ለቤት የምትሠራው፤ ጀሞና ለቡ አካባቢ ትመጣለች። ስትደውሉ ልጃችሁ መሬት ላይ ሲጫወት የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይኑራችሁ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።