የቀለም ቀቢ ዋጋ በአዲስ አበባ፦ «በካሬ ስንት?» ከማለታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለማስቀባት ሦስት ዓይነት ውል አለ፦ በቀን፣ በካሬ የጉልበት ዋጋ ብቻ፣ ወይም በቁርጥ ከነዕቃው። ሰው እየኖረበት ላለ ቤት የሚሻለው መካከለኛው ነው፤ ቀለሙን ባለቤቱ ገዝቶ ለባለሙያው በካሬ ይከፍላል። በቀን መክፈል ለጥገና፣ ለአንድ ጥግ ወይም ለአጥር በር ይሆናል፤ ሙሉ ቤት ላይ ግን ሥራው ይንቀራፈፋል። የቁርጥ ውል አሠሪውን ከሩጫ ያሳርፈዋል። ችግሩ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ተቋራጩ የሚቆጥበው ብር ሁሉ ከቀለሙና ከስቱኮው (ከቀለም በፊት ግድግዳውን ለማስተካከል ከሚሳበው ልጥፍ) መሆኑ ነው። የቁርጥ ውል የምትይዙ ከሆነ የቀለሙ ስም፣ የእጁ ብዛት (ግድግዳው ስንት ጊዜ እንደሚቀባ) እና የስቱኮው ዓይነት በወረቀት ይጻፍ። ድርጅት ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው ቫት በዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ መጨረሻ ላይ ሲደመር የሚያስደነግጠው እሱ ነው።

የካሬ ዋጋን ብቻ ይዞ ሁለት ባለሙያ ማወዳደር አያስኬድም። አንዱ የጠራው ዋጋ መፋቅን፣ ሁለት ጊዜ ስቱኮን፣ ማሸትንና ሦስት እጅ ቀለምን ይዟል። ሌላው በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ ሲል ሁለት እጅ ብቻ ማለቱ ነው፤ ስቱኮው ሲነሳ «እሱማ ለብቻው ነው» ይላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ በዚህ ዋጋ ስንት እጅ ነው? ስቱኮው አለበት? መፋቁስ? ኮርኒሱ በስንት ይታሰባል? በርና መስኮት ይቀነሳል?»

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። 4 በ4 የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 16 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 44.8 ካሬ ይመጣል። አንድ በርና አንድ መካከለኛ መስኮት 3.7 ካሬ ያህል ይወስዳሉ፤ የሚቀባው 41 ካሬ ግድም ነው። ባለሙያው «ጠርዙን መቅባት ጊዜ ይፈጃል፣ አልቀንስም» ቢል ስህተት የለበትም፣ የጠርዝ ሥራ በእርግጥ ያደክማል። ብቻ ዋጋ ሲወዳደር ሁሉም በአንድ ዓይነት አለካክ ይለካ። ሜትሩንም አብራችሁ ያዙ።

ቀለሙን ከዚሁ ልኬት ማውጣት ይቻላል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነው) በአንድ እጅ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። 41 ካሬ ሁለት እጅ ሲቀባ 8.2 ሊትር ነው፤ ባለ 4 ሊትር ጣሳ ሦስት ቢገዛ ለማረሚያ የሚሆን ይተርፋል። ጋሎን የሚባለው ጣሳ ሁሉ እኩል ስለማይይዝ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ። አዲስ ልስን ወይም አዲስ ስቱኮ የመጀመሪያውን እጅ ስለሚመጥ ሊትሩ ወደ 7 ካሬ ሊወርድ ይችላል። ደማቅ ቢጫና ቀይም የሸፈኑትን በደንብ ስለማይደብቁ ሦስተኛ እጅ ይጠይቃሉ። ከዚህ ስሌት እጅግ የራቀ ቁጥር ከተነገራችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ አንዳንድ ሱቅ ደንበኛ ላመጣ ባለሙያ ኮሚሽን ይከፍላል።

የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ መግባት ያለበት ግን ዝግጅቱ ላይ ነው፤ ርካሽ ሥራ የሚበላሸውም እዚያው ነው። ባለሙያው ሳይመጣ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሹት። ነጭ ዱቄት ከያዘ ከሥሩ ኖራ ወይም ያረጀ ቀለም አለና እስኪጠነክር መፋቅ አለበት፤ አለዚያ በላዩ የተቀባው ሁሉ እንደ ልጣጭ ተያይዞ ይወርዳል። ከወለሉ ጠጋ ብሎ ያበጠ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ደግሞ አንድ ካሬ ግልጽ ላስቲክ ለጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና ለ24 ሰዓት ተዉት። በግድግዳው በኩል ጤዛ ከቋጠረ ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣው፤ ምናልባት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል ወይም የውጪው አፈር ከወለሉ በላይ ተከምሯል። ያ ሳይስተካከል የሚገዛ ቀለም የባከነ ብር ነው።

ቀድሞ ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ያብረቀርቃል፤ ፕላስቲክ ቀለም አይዘውም። አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት። ይህን ስታሠሩ ልጆችን ከቤት አርቁ፣ ግድግዳውም እየረጠበ ይታሽ። በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ (ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ የገደበው የኢትዮጵያ ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የዱሮው ቀለም አቧራ ለሕፃናት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

አዲስ የተረከባችሁት ኮንዶሚኒየም ከሆነና ልስኑ ገና ከሆነ 28 ቀን ያህል ይድረቅ። ሲሚንቶው እርጥብ እያለ የተቀባ ግድግዳ ጨው እያወጣ ነጫጭ ይሆናል። ስቱኮው ሁለት ጊዜ በስሱ ይሳብ፤ ባንድ ጊዜ የወፈረ ስቱኮ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያ ማሸት 100 ወይም 120 ቁጥር፣ ለማለስለሻ 180 ቁጥር ወረቀት ይበቃል። ከቀለሙ በፊት አቧራው ይጠረግ፤ ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ በብዛት ይዘለላል።

ስለዚህ አንድ ክፍል ከነስቱኮው ሲሠራ ወደ አራት ቀን ይወስዳል፦ መፋቅና የመጀመሪያው ስቱኮ፣ ሁለተኛው ስቱኮ፣ ማሸትና የመጀመሪያው እጅ፣ ከዚያ ማጠናቀቂያው። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ የሚል ሰው የሚዘለው ነገር አለው። ፕላስቲክ ቀለም በእጆች መካከል ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል፤ በርና ኩሽና ላይ የሚገባው ዘይት ቀለም ግን ማደር አለበት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ አንድ በርሜል አስቀድማችሁ ሙሉ። የውጪ ግድግዳ ከክረምቱ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይሁን፤ የስካፎልዲንግ (የመወጣጫ እንጨት ወይም ብረት) ኪራይም ከካሬው ዋጋ ተለይቶ ይነገር።

የጣሳው ክዳን እናንተ ፊት ይከፈት፣ የሚጨመረው ውሃም እናንተ ፊት ይለካ፤ ልኩ ጣሳው ላይ ተጽፏል። ውሃ የበዛበት ቀለም ከሮለሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሲደርቅም የሥሩን ያሳያል። ለአንድ ክፍል የተገዙት ጣሳዎች በአንድ ባልዲ ይቀላቀሉ፤ በተለያየ ቀን የተመረተ ተመሳሳይ ቀለም ግድግዳው መሃል ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ቀብዱ ከ30 በመቶ አይበልጥ። 40 በመቶው ስቱኮው ታሽቶ ሲያልቅ፣ ቀሪው ከርክክብ በኋላ ይከፈል። ርክክቡ በቀን ይሁንና የስልካችሁን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩበት፤ ሞገዱ፣ የሮለሩ መገጣጠሚያና ያልታሸው ስቱኮ ጥላ ይጥላሉ። የማብሪያ ማጥፊያውን ጠርዝና ዞኮሎውን (ግድግዳው ሥር ወለሉን ተከትሎ የሚሄደውን ጠርዝ) እዩ። ባለሙያው እዚያው እያለ አሳርሙ፣ የተረፈውንም ቀለም ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ የቀለሙን ቁጥርና የክፍሉን ስም ጽፋችሁበት አስቀምጡ።